ዘጠና ስድስቱ እናቶቼ

እስኪ ይህን ጉድ ስሙኝ። የያዛችሁት ስራ ካለ አስቀምጡት። ማጭድ ከሆነ ግን አታስቀምጡ፣ እያጨዳችሁ ስሙኝ። እኔ ከእንግዲህ ሰው ማጭድ አስቀምጦ ስልክ ያንሳ የምል ሰው አይደለሁም።

እናት ስንት ናት? አንድ ናት ትላላችሁ። እኔም እስከ ዘንድሮ ህዳር ድረስ የማውቀው እንደዚያ ነበር። አባቴ ካረፈ ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ያለነው እሷና እኔ ነን። ሁለት ጥማድ ጤፍ አለን፣ አንድ በሬ አለን፣ ሌላ የሚቆጠር የለንም። በዚህ ቤት ውስጥ ተሳስቼ ሁለት የምቆጥረው ነገር ቢኖር በሬው ነው እንጂ እናቴ አይደለችም።

ሰፈራችን ከሉማሜ ወጣ ብሎ ነው። በእግር ለእኔ አንድ ሰዓት፣ ከቢሮ ለሚመጣ ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል። አስራ አራት ቤት ሆነን ወንፈል እንወጣለን። ዛሬ አስራ አራታችን ያንተን ጤፍ እናጭዳለን፣ ነገ አንተ ከእኛ ጋር የሌላውን ታጭዳለህ፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። ተራውን የሚይዙት አያ ደምሌ ነበሩ። አያ ደምሌ ፊደል አልቆጠሩም። ግን ማን በማን ማሳ ላይ ስንት ቀን እንዳጎነበሰ፣ ማን ወገቤን ብሎ ከጥላ ስር እንደዋለ፣ ማን ምሳ ሲቀርብ ብቻ እንደተገኘ አንድ በአንድ ይነግሯችኋል። ዘንድሮ ግን እሳቸው ቀሩና ሰንጠረዥ መጣ።

ሰንጠረዡን ያመጣው በሞተር ሳይክል የመጣ ባለሙያ ነው። ነጭ ጫማ አድርጎ መጣ፣ ሲመለስ ጫማው የእኛን መሬት ይመስል ነበር። ወፍጮ ቤቱ ዛፍ ስር ሰብስቦን ሶስት ሰዓት ሙሉ አስተማረን። ስልክ ላይ የሚሰራ የጋራ ሰንጠረዥ ነው አለን። ሁሉም ሰው ባለበት ሆኖ ይጽፍበታል፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው እዚያው ያየዋል። ሲናገር ከሶስት ቃል አንዱ "ተጠቃሚ" ነበር። ተጠቃሚው እንዲህ ያደርጋል፣ ተጠቃሚው እንዲህ ይጫናል። እናቴ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ ይህ ተጠቃሚ የሚሉት የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔም እንደ አዋቂ ሰው ሳቅሁባት። አሁን ሳስበው እኔም አላውቀውም። ሰንጠረዡን ሲሰሩ ያሰቡት ሰው ማን እንደሆነ እንጃ፣ በእኛ ደብር በኩል ግን አላለፈም።

አሰራሩ ቀላል ነው። ከየቤቱ ስልክ ያለው ሰው፣ በዋለበት ማሳ ላይ እነማን እንዳጨዱ ማታ ይጽፋል። ቤቱ ሁሉ በአንድ ሰው ስም ይጻፋል፣ የእኛ በእናቴ ስም ነው። ሰንጠረዡ ራሱ ይደምራል። ብዙ ቀን የሰራ ቤት ወደ ላይ ይወጣል፣ የሚቀጥለውን ተራ ያገኛል፣ ለአስራ አራታችንም መልዕክት ይደርሰናል። ስትሰሙት አይጥማችሁም? እኔን ጥሞኝ ነበር። በዚያ ላይ ባለሙያው ከመካከላችሁ የተማረ ማን አለ ሲል እጄ ከእኔ ቀድሞ ወጣ። አስረኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬያለሁ፣ ስለዚህ በእኔ ስሌት አስራ አንደኛ ነኝ። አስተባባሪ ተብዬ ባርኔጣ ተሰጠኝ። አያ ደምሌ በትራቸውን ይዘው ተነሱና ሄዱ።

እናቴና እኔ በዚያ ሰሞን የሰራነውን ስራ በሬያችን እንኳ አይቶ ሳያዝንልን አልቀረም። ጤፋችን ዘግይቶ ስለሚደርስ መጀመሪያ ሰው እንርዳ፣ ከዚያ ሰው ይረዳናል ብለን አስራ አንድ ቀን አንድም ሳንቀር ወጣን። በአስራ ሁለተኛው ቀን የእኛ ጤፍ ደርቆ ወርቅ መሰለ። ደርሶ የደረቀ ጤፍ ደግሞ እንግዳ አይጠብቅም፣ ነፋስ ሲነካው ይረግፋል። በዚያ ላይ ከወደ ጮቄ በኩል የህዳር ያልሆነ ደመና ብቅ ማለት ጀምሯል። ሁለት ሰው ሁለት ጥማድ አጭዶ እስኪጨርስ ጤፉ ወይ ለነፋስ ወይ ለዝናብ ነው። የአመት እንጀራችን ማለት እሱ ነው፣ ሌላ የለም።

አይዞሽ አልኳት፣ ዛሬ ከላይ የምንወጣው እኛ ነን። ኔትወርክ ያለው ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለችው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ባርኔጣዬን አድርጌ ወጣሁና ሰንጠረዡን ከፈትኩ።

ከላይ ያለው በላይ ነው። አስራ አራት ቀን።

በላይ የሚባል ሰው ሰፈራችን ውስጥ ሁለት አለ። ወንዙ ዳር ያለውን ታችኛው በላይ እንለዋለን። ዝምተኛ ነው፣ ሲያጭድ ቀና አይልም። ዳገቱ ላይ ያለውን ላይኛው በላይ እንለዋለን። እሱ ደግሞ ሲያጭድ ያየው የለም፣ ማጭዱን ሲስል ግን ሁላችንም አይተነዋል። ሶስት ጭብጥ ያጭድና ዶልዱሟል ብሎ ድንጋይ ፍለጋ ይሄዳል። ሰንጠረዡ ላይ "የአባት ስም" የሚል ቦታ አለ፣ አጠገቡ "ካስፈለገ" ይላል። በእኛ አገር "ካስፈለገ" የተባለ ነገር አስፈልጎ አያውቅም፣ ማንም አልሞላውም። እናም ሰንጠረዡ ሁለቱን በላዮች አንድ ሰው አደረጋቸው። የታችኛው ላብና የላይኛው ድንጋይ ተደምሮ አስራ አራት ቀን ሆነ። ስሙም በላይ፣ ተራውም በላይ።

እናቴስ? ወደ ታች ወረድኩ። አሁንም ወረድኩ። ከታች፣ አንድ ቀን ብቻ ሰርተው ከታመሙት ሰዎች አጠገብ፣ አገኘኋት። ችግሩ ብቻዋን አልነበረችም።

ዓለምፀሐይ፣ አንድ ቀን። አለምጸሀይ፣ ሁለት ቀን። ዐለም ፀሀይ፣ አንድ ቀን። ኣለምፀሃይ፣ አንድ ቀን። ዓለም ጸሐይ፣ ሁለት ቀን። አለምፀሃይ፣ አንድ ቀን። አለም ጸሃይ፣ አንድ ቀን። ሰፈሩ እናቴን የሚጠራት እታለም እያለ ነውና፣ እታለምም ለብቻዋ ሁለት ቀን።

በየማሳው የዋለው ሰው እናቴን እንደገባው ጽፏታል። አንዱ ሰባተኛ ክፍል ያቆመ ነው፣ አንዱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ የወጣ፣ አንዱ ጣቱ ያረፈበትን የሚጫን። ለእኛ ለሁላችን አንዲት ሴት ናት። ለሰንጠረዡ ስምንት ሰነፍ ሴቶች ናቸው።

ንዴቴ ሲበዛ ሂሳብ መስራት እወዳለሁ። እዚያው ጉብታ ላይ ቁጭ አልኩና የእናቴ ስም በስንት መንገድ ሊጻፍ እንደሚችል አሰላሁ። አ በአራት አይነት ይጻፋል። ጸ በሁለት። ሀ በስድስት። ሲባዛ አርባ ስምንት። መሃል ላይ ክፍተት ያለው አለ፣ የሌለው አለ፣ ዘጠና ስድስት። እታለምን ሳልቆጥር።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ፊደል የማታውቅ ሴት ናት። ነገሩን አስረዝሜ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ እጄን እያወናጨፍኩ አስረዳኋት። ሰምታኝ ስታበቃ ጠየቀችኝ።

"ዘጠና ስድስት ነሽ ነው የሚለኝ?"

"አዎ። ሊሆን ይችላል ነው።"

"እንግዲያው ምን አስጨነቀህ፣ ዘጠና ስድስት ሆኜ ሁለት ጥማድ ጤፍ ያቅተኛል? ለምሳ እንጨርሰዋለን" አለችና ማጭዷን ይዛ ወጣች። ሳቅሁ። ከጀርባዋ ሳያት ግን ሳቄ ቆመ። ብቻዋን ነበር ወደ ማሳው የምትሄደው። እኔ ደግሞ አስተባባሪ ነኝ፣ የምሄደው ላይኛው በላይ ጋ ነው።

ላይኛው በላይ መልዕክቱን አይቶ ተራው የእኔ ነው ብሎ ጠላ አቅርቦ ጠበቀን። ታችኛው በላይ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ሰው ወደ ጠላው ሲያይ መልሶ ዘጋው። እኛም አጨድንለት። እሱ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ማጭዱን እየሳለ ሰንጠረዥ ማለት ፍትህ ማለት መሆኑን ሲያስረዳን ዋለ።

በማግስቱ ጉብታው ላይ ወጥቼ ላስተካክል ተነሳሁ። ስምንቱንም እናቶቼን በአንድ አጻጻፍ ላደርጋቸው ነው። "አለምጸሀይ" የሚለውን መረጥኩ፣ ምክንያቱም ለጣቴ ቅርብ ነው። አንደኛዋን ቀየርኩ፣ ሁለተኛዋን ቀየርኩ። ሶስተኛዋ ላይ ስደርስ የመጀመሪያዋ ዓይኔ እያየ ፊደሏ አንድ በአንድ መለወጥ ጀመረ። ከጎኗ ቀይ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል። ምልክቱ ላይ የተጻፈው እንዲህ ነው፦ "እንግዳ ዝንጀሮ እያረመ ነው።"

ለካ ሳይመዘገብ የገባውን ሰው ሰንጠረዡ የእንስሳ ስም ይሰጠዋል። ለምን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ፣ ምናልባት በእነሱ አገር ዝንጀሮ ሲያዩት ያሳሳል። እኛ ግን ዝንጀሮ ስንል እሸት ጠባቂ፣ ወንጭፍ፣ ጩኸት ነው የሚመጣብን። እኔ አለምጸሀይ እላለሁ፣ ዝንጀሮው ዓለምፀሐይ ይላል። ስመልሰው ይመልሰዋል። ፈጥኜ ስጽፍ ቀስ ብሎ፣ አንዲት ፊደል ሳይስት ይለውጠዋል። በለወጥን ቁጥር ደግሞ አዲስ ስም የመጣ መስሎት ሰንጠረዡ ለሁሉም ቤት መልዕክት ይልካል፦ "አዲስ አባል ተመዝግቧል፣ እንኳን ደስ አላችሁ።"

ከስሩ መልዕክት መጻፊያ ቦታ አለ። አላስቻለኝም። "አንተ ዝንጀሮ፣ የእናቴን ስም ልቀቅ፣ እጅህን ሰብስብ" ብዬ ጻፍኩበት።

ጥቂት ቆየና መልስ መጣ። "ልጄ፣ ዝንጀሮስ ፊደል ባይለይ አይፈረድበትም። ፀሐይን በጸሎቱ ጸ የጻፈውን ሰው ግን ምን እንበለው?"

መልሱን ደግሜ አነበብኩት። በሰፈራችን ፊደልን "ጸሎቱ ጸ"፣ "ፀሐዩ ፀ" እያለ በስሙ የሚጠራ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ የደብራችን መሪጌታ። ቀስ ብዬ ተነሳሁና ጉብታውን ዞርኩ። ከጀርባዬ በኩል፣ ሰላሳ እርምጃ በማትሞላ ቦታ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ስልኳን እንደ ዳዊት ከፍ አድርገው ይዘው ተቀምጠዋል። ለካ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ነው፣ በስልክ፣ ምን ያህል እንደሚርቅ በማይታወቅ አገር በኩል ዞረን የምንጣላው። ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። መሪጌታ ስለ ዝንጀሮው አላነሱብኝም። ያነሱብኝ ስለ ሀ ነው። ፀሐይን በሃሌታው ሀ ጻፍከው፣ ይህችን አላልፍልህም፣ ሐመሩ ሐ ነው አሉኝ። እኔም ፊደሉ ይቆየንና ጤፉ እየረገፈ ነው አልኳቸው። ያኔ መነጽራቸውን አውልቀው የእናቴ ተራ ለምን እንዳልደረሰ ጠየቁኝ። እሳቸው ያስተካከሉት ስሙን ብቻ መስሏቸው ነበር። ቁጥሩን ሳሳያቸው በጣም ደነገጡ።

አብረን ልናስተካክለው ሞከርን። እኔ እጫናለሁ፣ እሳቸው ያርማሉ። ስንጨርስ አስራ አራት የነበረው ቤት ሃያ ሰባት ሆኖ አገኘነው። ሰንጠረዡ የድሮውን ስም አይተውም፣ የአዲሱን ስም ይጨምራል።

ለባለሙያው ደወልኩ። ደብረ ማርቆስ ነበር፣ ድምጹ በደስታ ሞልቷል። የእናንተ ሰፈር ተጠቃሚ በእጥፍ አድጓል፣ ሪፖርት ላይ አስገብቼዋለሁ፣ አንተማ ጎበዝ ነህ አለኝ። አደገ ያልከው ተጠቃሚ እናቴ ናት አልኩት። ስለተባዛው ስም ነገርኩት። የገባ ስም መሰረዝ አይቻልም፣ አሰራሩ ስም ማጥፋት አይፈቅድም አለኝ። ስም ማጥፋትማ ተሰርቷል፣ በእናቴ ላይ ነው የተሰራው ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ዘጋሁበት ያልኩት ለክብሬ ነው፣ ካርድ አልቆብኝ ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዉ እንደ ልማዱ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ጉብታው ላይ ተሰበሰበ። ደመናው ወፍሯል። የስልኮቹ መልዕክት መጣ፦ የነገ ወንፈል፣ በላይ። እንደገና። ላይኛው በላይ ማጨዱ ስላለቀ አሁን ለክምሩ ነው አለ። ያኔ ድንጋይ ላይ ወጣሁና ይኸው የምታመልኩት ሰንጠረዥ ብዬ ስሙን ከነቀኑ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ያሰብኩት ልሰድባቸው ነበር። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እናቴ ጋ ስደርስማ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ።

ዳር ላይ በትራቸውን ተደግፈው የቆሙት አያ ደምሌ እጃቸውን አነሱ። ከስልጠናው ወዲህ ስለ ወንፈል ሲናገሩ የሰማናቸው ያን ቀን ነው።

"እስኪ መጨረሻዋን ሴት ድገማት።"

ደገምኩት። አለምጸሀይ፣ አለምጸሀይ፣ አለምጸሀይ።

"ይቺን ሴት ስንቴ ነው የምትጠራት?"

"ስምንቱ አሁን አስራ አምስት ሆነዋል አያ። አጻጻፋቸው ይለያያል" አልኳቸው። ከአፌ ሲወጣ ነው ሞኝነቱ የተሰማኝ።

"እኔ አጻጻፍ አላውቅም። የሰማሁት ግን አንዲት ሴት ነው። አስራ አንድ ቀን ወጥታ የዋለች፣ እዚያ ቆማ ያለችው።"

ሰዉ ሁሉ ወደ እናቴ ዞረ። እሷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። መሪጌታ ወንበራቸውን ለአያ ደምሌ ለቀቁና እኔ ስንት ዘመን ፊደል ስለይ ኖሬ ለጆሮ አንድ መሆኑን ረሳሁት አሉ። እሳቸው እንዲህ ሲሉ ሰው ሳቅ ጀመረ። መጀመሪያ አንዲት ሴት፣ ከዚያ ሁሉም። ሃያ ሰባቱም ቤት ሳቀ።

ሳቁ ሳይበርድ ታችኛው በላይ ጉሮሮውን ጠራረገ። "እኔንስ ስንቴ ጠራኸኝ?"

"አንዴ" አልኩት።

"እኛ ግን ሁለት ነን" አለ። በአመት አንዴ ለሚናገር ሰው ጥሩ ንግግር ነበር። ላይኛው በላይ ማጭዱን ያይ ጀመር። በጣም ስል ነበር።

አያ ደምሌ እዚያው ተቀምጠው ተራውን ዳኙ። ነገ እታለም፣ ከነገ ወዲያ ታችኛው በላይ። ማንም አልተከራከረም።

በማግስቱ ጤዛው ሳይረግፍ አስራ ሶስቱም ቤት ማሳችን ላይ ነበር። መጀመሪያ የመጣው ማን ነው ብትሉኝ ላይኛው በላይ ነው። ሃፍረት ይሁን ሌላ አልጠየቅሁትም። ግን ወሩን ሙሉ የተሳለ ማጭድ ሲያጭድ አይታችሁ አታውቁም፣ ጤፉ ገና ሲያየው ይወድቅ ነበር። አዝማች አወጣ፣ ሰዉ ተቀበለው፣ እናቴ ከመሃላቸው ሆና አብራ አጎነበሰች። መሪጌታ ነዶ ተሸከሙ። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ነዶ ክምሩ ላይ ሲወጣ አንዲት የዝናብ ጠብታ እጄ ላይ አረፈች። ክምሩን በሳር ከድነን እንደጨረስን አወረደው። ወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ስር ተጠግተን ዝናቡን ስናየው የምንፈራው ነገር አልነበረም።

ሰንጠረዡን ጣላችሁት ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልጣልነውም። እልኸኛ ነኝ። አሁን ማታ ማታ የሚጻፈውን በየሳምንቱ እሁድ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፣ አያ ደምሌ ያዳምጣሉ፣ የተሳሳተውን በጆሯቸው ይይዙታል። መሪጌታ ለአስራ አራቱም ቤት አንድ አንድ አጻጻፍ ቆርጠው ሰጥተውናል፣ ከነአባት ስሙ። እናቴ እንኳ የራሷን ለይታለች። ስልኬን ትቀበለኝና ጣቷን ፀሐዩ ፀ ላይ አድርጋ "ይቺ እኔ ናት" ትላለች። ሰባት ጊዜ ሞከርኳት፣ አልሳተችም።

ባለሙያውም መጣ፣ በዚህ ጊዜ ጥቁር ጫማ አድርጎ። ተቆጣሁት፣ አልሸሸም። ሰው ስም እንዲጽፍ ከማድረግ አስቀድሞ የተጻፈውን ስም በጣቱ እንዲነካ አድርጉት፣ ለማያነብ ሰው ደግሞ ስልኳ ታንብብለት አልኩት። ማስታወሻው ላይ ጻፈና አዲስ አበባ ላሉት ሰሪዎች አደርሳለሁ አለኝ። አምኜዋለሁ። ሲጽፍ የእናቴን ስም እንዴት እንደሚጻፍ ጠይቆኝ ነበርና።

እንግዲህ ማስታወሻው ከደረሳችሁ፣ እናንተ አዲስ አበባ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ይህን ሰንጠረዥ የሰራችሁ ሰዎች፣ ለእናንተ አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ። ለስንት ሺህ ሰው ተራ የሚሰጥ ነገር ስትሰሩ፣ ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ ከወንበሩ ተነስቶ አንድ ስም ጮክ ብሎ አንብቦ ነበር?